ማን ልበል?

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሞጣ ስልክ ቤት፣
ከገመድ ሰሌዳው ፊት፣ ከጠዋት እስከ ምሽት፣
አንዱን ካንዱ ስሰካ፣ አንዱን ካንዱ ስነቅል፣
እንጀራዬን የበላሁት በሁለት ቃል ነው፦ «ማን ልበል?»

የደጀኑ መስመር ውሃ ውሃ ይላል፤
የቢቸናው ነፋስ ሲነካው ያፏጫል።
ሰውም እንደ መስመሩ ነው፤ ስሙን ሳይናገር
ጉሮሮውን ሲጠርግ ለይቼው ነበር፦
ይኼ ሊበደር ነው፤ ያቺ ልታኮርፍ ነው፤
ያ ደግሞ ወንድሙ ሞቶ «ደኅና ነን» ሊል ነው።

እኔ ጡረታ ወጣሁ፤ ስልኩ ግን አልወጣም።
ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ቀን አላረፈም፤
የማላውቀው ሰው «እማማ» የማይለኝ ቀን የለም።
«እንኳን ደስ አለዎት! መኪና ወጣልዎት!
የቀረው የካርዱን ቁጥር መንገር ነው።»
(ያልቆረጥኩት ሎተሪ እንዴት ወጣልኝ ልጄ?)
አንዷ «ከባንክ ነኝ» ትላለች፣ የምስጢር ቁጥሬን ፈልጋ።
አንዱ ደላላ ነው፤ የጓሮዬን ጌሾ
ሳያየው በካሬ ይለካዋል።
አንዱ ምንም አይልም።
ይተነፍሳል። ይዘጋል።

የእህቴ ልጅ ልየው ከባሕር ዳር መጣ፣
ሽቦና ብሎኑን ከኪሱ እያወጣ፣
የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል ሣጥን ይዞ።
«አክስቴ፣ አጋፋሪ አመጣሁልሽ» አለኝ።
ስልኩን ከሣጥኗ፣ ሣጥኗን ከኮምፒውተሩ፣
ኮምፒውተሩን ደግሞ ከመብራቱ፣ ከበሩ
አገናኝቶ ሲያበቃ፦
«ዘመድ ከሆነ አረንጓዴ፣ ስሙንም ትጠራለች።
የማይታወቅ ቢጫ።
ሌባ ከሆነ ቀይ፤ ጥሪው ድምፅ አያሰማም።
አንቺ ወጥሽን አማስይ።»

እውነትም፣ «የኔዓለም ከፍኖተ ሰላም» ትላለች፣
በአፍንጫዋ፣ በፈረንጅ አማርኛ።
«ቄስ ጥጋቤ» ትላለች። «ጤና ጣቢያ» ትላለች።
በሳምንት ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ከደጅ መለሰች፤
እኔ በሥራ ዘመኔ መስመር ነቅዬ እንጂ
ሰው መልሼ አላውቅም።
ምነው ታዲያ ቤቱ ጭር አለብኝ?

ኃሙስ ማታ መብራት ጠፋ። ሣጥኗ ተኛች።
ስልኩ የድሮ ነው፤ ጉልበቱ ከመስመሩ ነው፤
ጨለማ ውስጥ ጮኸ፣ ያለ ስም፣ ያለ ቀለም፤
እጄ ከኔ ቀድሞ አነሣው።

«ማን ልበል?»
«እንኳን ደስ አለዎት እማማ! ከአዲስ አበባ ነው፣ ዕጣ…»
ከኋላው የወፍጮ ሞተር ዱክ ዱክ ይላል።
«አዲስ አበባ ማታም ይፈጫል እንዴ?»
ዝም።
«እስቲ የካርዱን ቁጥር ይንገሩኝ» አለ፣ ቸኮል ብሎ።
«መነጽሬን ላምጣ። ትቆየኛለህ?»
«እሽ።»

እሽ!
አንዲት ፊደል ናት። ሸዋ «እሺ» ይላል፤
እኛ ዘንድ፣ ከዓባይ ወዲህ፣ ጅራቷ ይቆረጣል።
ከሸገር ተውሶ የደረበው ካፖርት
በአንዲት ቁልፍ ተፈታ።
«አንተ» አልኩት፣ «የማን ልጅ ነህ?»

ወፍጮው ብቻ ዱክ ዱክ።
ሣጥኗ ቁጥር ታነባለች፤ ይኼን ግን አትጠይቅም።
ትንፋሹን ሰማሁት። ለየሁት፦
ያ ምንም የማይለው!
«ራትህን በልተሃል?» ልል ስል ዘጋው።

ሌሊት መብራት ሲመጣ ሁለቴ ሞክሮ ኖሯል፤
ሣጥኗ ድምፁን አፍና ቁጥሩን ይዛዋለች።
«ይኼ አጭበርባሪ ነው፣ ቀይ ላድርገው?» አለ ልየው።
«ቢጫ ላይ ይቆይ።»
«ስሙንስ? ማን ልበል?»
ሳቄ መጣ። ሥራዬን ወርሶታል።
«‹የማን ልጅ› ብለህ ጻፍ።»

ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጎመን ስቀነጥስ፣
በሩ ላይ ቢጫው በራ።
ሣጥኗ በዚያ በአፍንጫዋ፦
«የማን ልጅ። የማን ልጅ። የማን ልጅ።»
እጄን በቀሚሴ ጠራርጌ ተነሣሁ።